ባለቤት የሌላቸው ሦስት ቃላት

መሥሪያ ቤታችን ለጊዜ የሚሰጠውን ክብር ለትውልድ ሳላስተላልፍ ብሞት ዓይኔ አይከደንም። በየኮሪደሩ የግድግዳ ሰዓት የሰቀልን እኛ ነን። ሰዓቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ ይህም በቤታችን የአሳብ ልዩነት የሚከበር መሆኑን ያሳያል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስይዝ «ሰዓቱ ደርሷልና እንነሣ» የተባለበት ስብሰባ አላጋጠመኝም። እኛ ጊዜን አንዴ ከያዝነው አንለቀውም።

ከሁሉም ግን የአሳንሰሩ ደብዳቤ ታሪክ ይበልጣል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሕንፃችን ሰባት ፎቅና አንድ አሳንሰር አለው። አንድ ቀን ጠዋት አሳንሰሩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ቢጫኑት፣ ቢያንኳኩት፣ ቢመክሩት ወይ ፍንክች። ውሉ እንደሚለው የሚጠግነው አምራቹ ድርጅት ከውጭ የሚልከው ባለሙያ ብቻ ነው፤ የሚመጣውም ቀኑና ሰዓቱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲነገረው ነው። ደግነቱ ሰውየው በዚያ ሰሞን ሌሎች ሕንፃዎችን ሊያይ ከተማችን ገብቶ ነበር። የሚቆየው ግን ወሩ እስኪያልቅ ነው። ከፊታችን አራት ሰኞ ነበረን ማለት ነው።

አራት ሰኞ ለሌላው ሁሉ ብዙ ነበር። ለአባ ፋይል ግን እያንዳንዷ ቀን በጉልበት የምትቆጠር ናት። አባ ፋይል የምንላቸው የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራቸው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሦስት ወር ነበር። ሐኪማቸው ጉልበታቸውን አገላብጦ ካየ በኋላ «ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር አይዩ፤ ካልሆነ በሰው ትከሻ ነው የሚሄዱት» ብሏቸዋል። እሳቸውም ከዚህ መሥሪያ ቤት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ለሁላችንም ነግረውናል። ሽልማት አይፈልጉም፣ የመሰናበቻ ንግግርም አይፈልጉም። በገዛ እግራቸው እንደገቡ በገዛ እግራቸው መውጣት ነው የሚፈልጉት። ምኞቱ ትንሽ ስለሆነ ማንም ትኩረት አልሰጠውም።

ፀሐፊዋ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ በአምስት ደቂቃ ጻፈችው። አንዲት መስመር ናት፦ እባክዎ ሰኞ፣ ጠዋት፣ በሦስት ሰዓት መጥተው አሳንሰሩን ይሥሩልን። በአምስት ደቂቃ መጻፉ ራሱ ጥርጣሬ ፈጠረ።

እዚህ ላይ አንባቢ አሠራራችንን ማወቅ አለበት። በመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ እንደ ሜዳ ፍየል ዝም ብሎ አይወጣም። እያንዳንዱ ቃል ባለቤት የሆነ ክፍል አለው፤ ያ ክፍል ከቃሉ ሥር ይፈርማል። ይህ መመሪያ የወጣው ከዓመታት በፊት «አስቸኳይ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ወጥቶ፣ አስቸኳይ ያለው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ «እባክዎ» ከሚለው ሥር ሕዝብ ግንኙነት ፈረመ። «መጥተው» የሚለውን ትራንስፖርት፣ «አሳንሰር» የሚለውን ንብረት ክፍል፣ «ይሥሩልን» የሚለውን ጥገና፣ «ሰኞ»ን ዕቅድና ክትትል፣ «ጠዋት»ን ሰው ኃይል አስተዳደር ፈረሙባቸው። የሰዓቱን ቁጥር ስታትስቲክስ ቆጥሮ አረጋገጠ። ደብዳቤው እንዲህ በፊርማ አሸብርቆ ዋና ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገባ።

ዋና ሥራ አስኪያጃችን ለእንግሊዝኛ ያላቸውን ቅርበት የማያውቅ የለም። ውጭ አገር ሦስት ሳምንት ሠልጥነው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ሦስቱ ሳምንታት ካለፉ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም በእሳቸው አፍ ላይ እንዳዲስ ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ሦስት ትንንሽ ቃላት ያለ ፊርማ ራቁታቸውን ቆመው አገኟቸው። ከሰኞ ፊት «ኦን»፣ ከሰዓቱ ፊት «አት»፣ ከጠዋቱ ፊት «ኢን»። ፀሐፊዋን አስጠሯት።

«ይኼ ማን ነው?» አሉ ጣታቸውን «ኦን» ላይ አድርገው።

«መስተዋድድ ነው ጌታዬ።»

«የየትኛው ክፍል?»

«የማንም አይደለም። እንግሊዞቹ ናቸው እንዲህ የሚሉት።»

«እንግሊዞቹ ፈርመዋል?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ለመጠየቅ ሥልጠና ያስፈልጋል። በዚያው ቀን «የጊዜ መስተዋድዶችን ባለቤትነት የሚያጣራ ጊዜያዊ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዋና ሥራ አስኪያጃችን፣ አባላቱ የዕቅድ ኃላፊውና የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ። አሳንሰሩ ስለተበላሸ አባላቱ እንዳይደክሙ ተብሎ ኮሚቴው ምድር ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ። ለኮሚቴው በማስረጃነት የሚያገለግሉት የቆዩ የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ሰባተኛ ፎቅ ስለሆኑ ደግሞ አባ ፋይል እንዲያመጧቸው ታዘዘ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ የሰው ኃይል ኃላፊዋ በጥልቅ ማብራሪያ ከፈቱት። ነገሩ የደረጃ ጉዳይ ነው አሉ። ዓመትና ወር ትልልቅ ስለሆኑ እንደ ክፍል ይገባባቸዋል፤ ስለዚህ «ኢን» ይወስዳሉ። ቀን እንደ ጠረጴዛ ነው፣ ነገር ይቀመጥበታል፤ ስለዚህ «ኦን»። ሰዓት ደግሞ ሚስማር ነው፣ ቀጠሮ ይንጠለጠልበታል፤ ስለዚህ «አት»። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ እንኳ ብዕሬን አስቀምጬ ነው ያጨበጨብኩት።

ጭብጨባው ሳይበርድ የዕቅድ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ጠዋት ከሰኞ አያንስም ወይ ብለው ጠየቁ። ያንሳል ተባለ። ታዲያ የቀን ቁራጭ ሆኖ ሳለ የወርና የዓመት ማዕረግ የሆነውን «ኢን» ማን ሰጠው? የሰው ኃይል ኃላፊዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው ይኖረዋል» አሉ። ነገሩ ሲጎረጎር ደግሞ ባሰ። ሌሊት ጠዋትን ቢያክል እንጂ አያንስም፤ ግን «አት» ብቻ ተሰጥቶት ከሰዓት እኩል ተቆጥሯል። የሌሊት ጥበቃዎች ይህን ቢሰሙ ሊያኮርፉ ስለሚችሉ ጉዳዩ በምሥጢር እንዲያዝ ተወሰነ። ደግሞ ያው ጠዋት ብቻውን ሲሆን «ኢን» ይዞ ይኮራል፣ ከሰኞ አጠገብ ሲቆም ግን «ኢን»ን ጥሎ የሰኞን «ኦን» ይጋራል። ባለሥልጣን ሲያይ ጠባዩ የሚለወጥ መሆኑ ተመዘገበ።

በጣም ያሳሰበን ግን «የሚቀጥለው» የሚለው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ «የሚቀጥለው ሰኞ» ሲባል ሦስቱም መስተዋድዶች ድራሻቸው ይጠፋል። አንዱም በቦታው አይገኝም። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠና «ያለ ፈቃድ ነው?» አሉ። የዕቅድ ኃላፊው የኛም ሠራተኞች ሥራ ለሚቀጥለው ሳምንት በተባለ ቁጥር እንዲሁ እንደሚሰወሩ አስታውሰው ምክር ቢጤ ሰጡ። ምክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ።

በዚህ መካከል አባ ፋይል ላይ ታች ይላሉ። ለ«ኢን» ማስረጃ አንድ ጥራዝ ይዘው ይወርዳሉ፤ ኮሚቴው ያገላብጥና «አሁን ደግሞ የ‹ኦን›ን» ይላቸዋል። እሳቸውም ግድግዳውን በመዳፋቸው እየደገፉ ይወጣሉ። ሁሉንም ጥራዝ በአንድ ጊዜ ላምጣ ብለው ሲጠይቁ አጀንዳዎች እንዳይደባለቁ በሚል ተከለከሉ። በሁለተኛው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ላይ እያረፉ መውጣት ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት በየፎቁ።

አንድ ቀን ጥራዝ ሊያስረክቡ ገብተው እንደቆሙ አፍ አውጥተው ተናገሩ።

«እኛ አንዷን ‹በ› ለወሩም ለጠዋቱም ለሰዓቱም ስናሠራት ኖርን» አሉ። «እስካሁን ደከመኝ አላለችም።»

«እኛ ወደ ኋላ የቀረነው ለዚህ ነው» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጃችን። «አንዷ ላይ እንዲህ ሥራ ማብዛት።»

አባ ፋይል ጉልበታቸውን አሻሹና ወጡ። ሦስት ሰኞዎች በዚህ ሁኔታ አለፉ።

ኮሚቴው አድማሱን አሰፋ። «ባይ» የሚባል ቃል ተገኘ። «ባይ ዓርብ» ማለት ሥራው ዓርብ ሳይደርስ ወይም ግፋ ቢል በዕለቱ መጠናቀቅ አለበት ማለት ነው ተብሎ ተነበበ። አሳቡ ለመሥሪያ ቤታችን እንግዳ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተብራራ፤ ሆኖም ለማን ሊጠቅም እንደሚችል ስላልታወቀ ለጊዜው ተዘለለ። ቀጥሎ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በ«ኢን ታይም» እና በ«ኦን ታይም» መካከል ልዩነት እንደሚያደርጉ ተነገረ፤ አንደኛው ሳይረፍድ መድረስ፣ ሁለተኛው ልክ በሰዓቱ መድረስ ነው። ልዩነቱን በተግባር የሚያሳይ ሠራተኛ ቢፈለግ ቢፈለግ ታጣ።

በመጨረሻ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት በባለሙያነት ተጋበዙ። ሴትዮዋ ጥያቄውን ሰምተው ሳቁ። «ምክንያት የለውም ልጆቼ። ዝም ብለው ነው የሚሉት። እየሰሙ ያድጋሉ፣ እንደ ሰሙት ይላሉ» አሉ። ዋና ሥራ አስኪያጃችን በትሕትና አመስግነው ሸኟቸው። በራቸውን እንደዘጉ ግን «ዝም ብሎ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አያልፍም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ ዝም እንኳ የሚባለው በቃለ ጉባኤ ነው።

የኮሚቴው ውሳኔ ሲወጣ ግን ሁላችንንም አስደመመ። ሦስቱ ቃላት ባለቤት ስላልተገኘላቸው ከደብዳቤው ይውጡ፤ ቦታቸው ባዶ ይተው፤ አምራቹ ድርጅት ተስማሚ መስሎ የታየውን ሞልቶ ይመልስልን። ባዶው ቦታ ባዶ መሆኑን ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ፈረሙበት። ደብዳቤው ማኅተም ሊያርፍበት ሲል ፀሐፊዋ ጣልቃ ገባች።

«ጌታዬ፣ እዚህ የተጻፈው ሰኞ እኮ አልፏል። ካለፈ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ኮሚቴው የተቋቋመው ለመስተዋድዶቹ ነው» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጃችን። «ሰኞ የዕቅድ ክፍል ነው።»

የዕቅድ ኃላፊው ሰኞውን ሲፈርሙበት ገና ያልመጣ እንደነበር፣ ከፈረሙ በኋላ ለሚደርስበት ነገር ኃላፊ እንዳልሆኑ ገለጹ። ደብዳቤው ወጣ። እንደዚያ ያማረ ደብዳቤ ላለፈ ቀን ተጽፎ አያውቅም።

በማግሥቱ ዓርብ አባ ፋይል የመጨረሻውን ጥራዝ ሊመልሱ ሲወጡ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጡና መነሣት አቃታቸው። ያገኘናቸው እኔና ፀሐፊዋ ነን። አንድ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጥራዙን ታቅፈው፣ የሚያልፍ ሰው እንዳያይባቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እኔ ይህን ሁሉ ስብሰባ ስጽፍ የከረምኩ ሰው ያን ጊዜ አፈርኩ፤ በጣም ነው ያፈርኩት። ፀሐፊዋ ግን ተናደደች። ደግፋ አስነሣቻቸውና ከአሳንሰሩ በር አጠገብ በብረት ላይ ተቀርጾ የተለጠፈውን የአምራቹን ስልክ ቁጥር መትታ ስልኳን ሰጠቻቸው።

«እኔ ምን ብዬ ልናገር ልጄ? እንግሊዝኛዬ እኮ አምስት ቃል አይሞላም።»

«አባባ፣ ያለችውን ይበሏት።»

አባ ፋይል ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሊፍት» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ኖ ጉድ» ጨመሩ። ከዚያ ወገን የሆነ ነገር ተጠየቁ። «መንደይ። ናይን» አሉ። ከወዲያ «መንደይ። ናይን። ኦኬ» የሚል ድምፅ መጣና ስልኩ ተዘጋ። ሃያ ሰከንድ አልፈጀም። ሁለቱም ወገኖች አንድም መስተዋድድ አላባከኑም።

የወሩ የመጨረሻ ሰኞ፣ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ባለሙያው የዕቃ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ደረሰ። ከየት አገር እንደመጣ እስካሁን አጣርተን አልጨረስንም፤ እንግሊዝኛ ከሚነገርበት አገር አለመሆኑ ግን እርግጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጣ፣ የበሩን ሐዲድ በመብራት አየ፣ በጉጠት አንድ የታጠፈ ወረቀት መዝዞ አወጣ። ወረቀቱ ሃያ ሁለት አንቀጽ ያለው የአሳንሰር አጠቃቀም መመሪያችን ነበር። ከግድግዳው ተገንጥሎ ወድቆ ሐዲዱን ቀርቅሮታል። ባለሙያው አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ፤ አሳንሰሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ ሄደ።

ወሬው እንደደረሳቸው ዋና ሥራ አስኪያጃችን ኮታቸውን ቆልፈው ብቅ አሉ። የሦስት ሳምንቱን እንግሊዝኛ ሳያስቀሩ ለስምንት ደቂቃ አፈሰሱት። ባለሙያው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና «ኦኬ» አለ። ከዚያ የራሱን የርክክብ ቅጽ አውጥቶ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈበት፦ ሰኞ። ደህና። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ቅጹን በሁለት ጣት አንሥተው አዩትና «ይኼ ሰኞ ከፊቱ ምንም የለውም» አሉ። «ራቁቱን በሆነ ሰኞ ላይ አልፈርምም።»

በመሆኑም አሳንሰሩ ተሠርቷል፣ ግን አልተረከብነውም። ከበሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ይህ አሳንሰር በመልካም ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ርክክቡ እስኪፈጸም ማንም ሠራተኛ እንዳይጠቀምበት በጥብቅ እናሳስባለን።» የኮሚቴው አባላት ምድር ቤት የተቀመጡት አሳንሰሩ ስለተበላሸ ነበርና፣ ብልሽቱ ስለተወገደ ወደ ስድስተኛ ፎቅ ቢሯቸው እንዲመለሱ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን የፈረሙት ራሳቸው ናቸው።

ባለሙያው ይህን ሁሉ አይቶ ትከሻውን ሰበቀ። የቅጹን ሁለተኛ ገጽ ገለጠ። እዚያ ላይ እንደሚለው ርክክብ ያልተፈጸመለት አሳንሰር ለሙከራ ጊዜው በየቀኑ ጭነት ይዞ መውጣትና መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ዋስትናው ይሰረዛል። ጭነት ፍለጋ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ ጥራዛቸውን ታቅፈው አንድ እግራቸውን የሚያሳርፉ ሽማግሌ ላይ አረፈ። ጠቀሳቸው። እጃቸውን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባቸውና ከቅጹ ላይ ሞላ፦ የሙከራ ጭነት፣ አንድ ሰው። የጭነቱ ፊርማ በሚለው ቦታ አባ ፋይል ፈረሙ። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ተቃውሞ የሚያቀርቡበት ክፍት ቦታ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ለሁለት ወር ሠራተኛው ሁሉ በደረጃ ሲንፏቀቅ የሙከራ ጭነቱ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ። ጉልበታቸው እያገገመ፣ ፊታቸው እየወዛ ሄደ። ኮሚቴው ስድስተኛ ፎቅ ሳይደርስ ትንፋሹ ስለሚያልቅ ስብሰባዎቹን አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ማካሄድ ጀመረ። አንድ ቀን እዚያው ተደርድረን ስናለከልክ የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፤ አባ ፋይል ውስጡ ቆመዋል። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ላባቸውን ጠረጉ።

«ወዴት ነዎት?» አሉ፤ ከዚያ በፊት አንቱ ብለዋቸው አያውቁም። «ወደ ላይ?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ» አሉ አባ ፋይል። «ጭነት አይጠየቅም።»

በሩ ተዘጋ። አባ ፋይል በጡረታቸው ቀን ከሕንፃው በር ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው፤ ድጋፍም ከዘራም አልያዙም። መንገዱን ራሳቸው ተሻገሩ። ደስ አለኝ።

ርክክቡ ግን አልተፈጸመም፤ ስለዚህ ለአሳንሰሩ አዲስ የሙከራ ጭነት ማስፈለጉ አልቀረም። ማስታወቂያ ወጣ፣ አርባ አንድ ሰው አመለከተ። በአንደኛነት የተመዘገቡት ዋና ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፤ ለሥራው ያላቸውን ልምድ በሦስት ገጽ አያይዘዋል። ከአምራቹ ቅጽ ላይ በእንግሊዝኛ መሞላት ያለበት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ሥራውን የሚጀምሩት መቼ እንደሆነ የሚጠይቀው። እሳቸው ቦታውን ባዶ ትተው ጉዳዩን ለኮሚቴው መሩት። ኮሚቴው አራተኛ ፎቅ ላይ ገና እየተነጋገረበት ነው።

ሁለተኛዋ አመልካች ፀሐፊዋ ነበረች። በመስመሩ ላይ «መንደይ» ብላ ጻፈች። ሰኞ አሳንሰሩ ውስጥ ገባች።